ነዋሪዎቿ ያዳኗት መንደር፦ ጹማጎ በጥንታዊው የናካሴንዶ ጎዳና

አንድን ታሪካዊ ቤት ከመፍረስ ማዳን የባለሙያ ሥራ ነው፤ መንደርን ከነነዋሪው ማዳን ግን ከባለሙያ ዕውቀት በላይ የባለቤቶቹን ፈቃድ ይጠይቃል። በጃፓን አገር፣ በናጋኖ ክፍለ ግዛት፣ በኪሶ ሸለቆ የምትገኘው ጹማጎ ለዚህ ምስክር ናት። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በኤዶ ዘመን (1603–1868) የቶኩጋዋ ገዢዎች መቀመጫቸውን ኤዶን፣ ማለትም የዛሬዋን ቶኪዮን፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ከተማ ከኪዮቶ ጋር ያገናኙ ከነበሩት ጎዳናዎች አንዱ ተራራውን አቋርጦ የሚያልፈው ናካሴንዶ ነበር። ርዝመቱ 530 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን 69 ማረፊያዎች ነበሩት፤ ጹማጎ ከኤዶ ሲቆጠር 42ኛዋ ነበረች። መሳፍንቱ ወደ ኤዶ እየተመላለሱ እንዲቀመጡ ከ1635 ጀምሮ በሕግ ስለታዘዙ፣ ማረፊያዎቹ ለእነርሱ ማደሪያ፣ ለጓዛቸውም ፈረስና ተሸካሚ ያዘጋጁ ነበር። በ1861 ልዕልት ካዙኖሚያ ለሾጉኑ ለመዳር ወደ ኤዶ የተጓዘችው በዚሁ ጎዳና ነው።

የሥርዓቱ መለወጥና በ1911 የተፈጸመው የቹኦ የባቡር ሐዲድ የመንደሪቱን መተዳደሪያ ነጠቋት። ወጣቶቹ እንጀራ ፍለጋ ወደ ከተማ ፈለሱ። ይሁን እንጂ ችግሩ ራሱ ሳይታሰብ ባለውለታ ሆነ፤ አፍርሶ በአዲስ መልክ ለመሥራት አቅም ያለው ጥቂት ስለነበር፣ አሮጌዎቹ የእንጨት ቤቶች ቆዩ።

በ1968 ነዋሪዎቹ የጥበቃ ማኅበር አቋቋሙ፤ የእድሳቱም ሥራ ተጀመረ። በ1971 ያጸደቁት ቃል ኪዳን በሦስት ቃላት ይጠቃለላል፦ አለመሸጥ፣ አለማከራየት፣ አለማፍረስ። የአገሪቱ የቅርስ ሕግ ተሻሽሎ መንደሮችን በጅምላ ለመጠበቅ የፈቀደው በ1975 ሲሆን፣ ጹማጎ በ1976 በመጀመሪያ ከተመዘገቡት አንዷ ሆናለች። ስለዚህ ቃል ኪዳኑ ሕጉን ቀድሞታል ማለት ነው።

ዛሬ ጎብኚው ከማጎሜ ተነሥቶ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጉዞ ወደ ጹማጎ ሲገባ፣ በዋናው መንገድ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ አያይም፤ በቀን መኪና ማለፉም የተከለከለ ነው። በ1877 የታነጸው የኦኩያ ማደሪያ በሂኖኪ እንጨት የተሠራ ነው፤ ይህን የጥድ ወገን መቁረጥ በኤዶ ዘመን ለኪሶ ሕዝብ በጥብቅ የተከለከለ ነበር። የመሳፍንቱ ዋና ማደሪያ ግን በቀድሞ ቦታው እንደገና የተሠራው በ1995 ነው። እንግዲህ ጎብኚው አሮጌውንና በአሮጌው አምሳል የተሠራውን ለይቶ ማየት ይገባዋል።

ቃል ኪዳኑ ዋጋ የሚያስከፍል ነው፤ ባለቤቱ በገዛ ቤቱ ላይ ያለውን መብት በጎረቤቱ ፊት ይገድበዋል። አለመሸጥና አለማከራየት ባይኖሩ ኖሮ ግን፣ ጣሪያውና ግድግዳው ተጠብቀው መንደሪቱ የሌላ ሰው የንግድ አደባባይ በሆነች ነበር። የቅርስ ጥበቃ ዕቅድ የምናወጣ ባለሙያዎች ከሥዕላችን አስቀድመን ልንጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል፦ ቤቱ ሲታደስ ማን ይኖርበታል?