የዓይን ሕመሞችን ለይቶ ማወቅ ብርሃንን ያተርፋል

ባቱ፦ «ዓይኔን አመመኝ» ከሚለው አነጋገር ጀርባ የተለያዩ በሽታዎች አሉ። ከፊሎቹ በቀላል ሕክምና ይድናሉ፤ ከፊሎቹ ግን ጊዜ ካለፈባቸው የጠፋውን ብርሃን መመለስ አይቻልም። በ1998 ዓ.ም የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሀገሪቱ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህም 87 በመቶ ያህሉ መከላከል ወይም ማከም በሚቻል ምክንያት የደረሰ መሆኑን አመልክቷል።

የዓይን ሞራ ግርዶሽ
በጥናቱ መሠረት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን ያስከተለው ይህ ነው። በአብዛኛው ከዕድሜ መግፋት ጋር የሚመጣ ሲሆን፣ የዓይን ሌንስ ሳያሳምም ቀስ በቀስ ይደፈርሳል። ጠብታ አያጠፋውም። ሕክምናው የደፈረሰውን ሌንስ በሰው ሠራሽ መተካት ሲሆን፣ አብዛኛው ታካሚ በዚያው ዕለት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ትራኮማ
በእጅ፣ በጋራ ፎጣና በሕፃናት ዓይናር ላይ በሚያርፉ ዝንቦች የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ ነው። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ውስጡ ጠባሳ ይይዛል፤ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን ይፍቃል። በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ፋታ ቢሰጥም ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ በዚህ ደረጃ የሚያስፈልገው የዓይን ቆቡን የሚያቀና አጭር ቀዶ ሕክምና ነው። በሽታው በተስፋፋባቸው አካባቢዎች አዚትሮማይሲን በዘመቻ ይታደላል፤ ስድስት ወር ላልሞላቸው ሕፃናት የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጣል። የልጆችን ፊት ዘወትር ማጠብና በመፀዳጃ ቤት መጠቀም መተላለፉን ይቀንሳሉ።

ኬሚካል ዓይን ውስጥ ሲገባ
በደምበል ሐይቅ ዙሪያ ቲማቲምና ሽንኩርት በመስኖ ለሚያለሙ አርሶ አደሮች ይህ የቅርብ አደጋ ነው። ፀረ ተባይ ዓይን ውስጥ ከገባ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ከመሄድ በፊት እዚያው ማሳው ላይ የዓይን ቆብን ከፍቶ በንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብ ያስፈልጋል። ዓይንን ማሸትም ሆነ ወተትና ቅቤ መጨመር አይገባም። የኬሚካሉን መያዣ ይዞ መሄድ ባለሙያው ተገቢውን ሕክምና እንዲመርጥ ይረዳል። ለርጭት ሲወጡ የመከላከያ መነጽር ማድረግ፣ ንጹሕ ውኃም በቅርብ ማኖር ይገባል።

ግላኮማና ዳፍንት
ግላኮማ ያለ ሕመም ከዳር ጀምሮ እይታን ይሰርቃል፤ ያጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታ ወይም በቀዶ ሕክምና ማቆየት ይቻላል። ስለዚህ ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ፣ በተለይም በቤተሰባቸው ታማሚ ያለባቸው ሰዎች ሊመረመሩ ይገባል። በሕፃናት ላይ የሚታየው ዳፍንት በአብዛኛው የቫይታሚን ኤ እጥረት ምልክት ሲሆን፣ በአስቸኳይ መታከም አለበት።

ሳይዘገይ ወደ ሕክምና
ድንገተኛ የእይታ መጥፋት፣ ቅላት ያለው ብርቱ ሕመም፣ ብርሃን መፍራት ወይም የዓይን ጉዳት ሲኖር ማደር አይገባም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ ጠብታም አደገኛ ነው፤ ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ ቅላቱን እያጠፋ ኢንፌክሽኑን ሊያባብስና የዓይንን ግፊት ሊጨምር ይችላል። በቅድሚያ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ጤና ጣቢያ ማማከር፣ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገም ሪፈር አጽፎ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።