ለሰሊጥ ኬሻ የስንዴ ሥዕል? ክሊፕ አርት ማስገባትና ማስተካከል ከሀ እስከ ፐ

ሽንፋ ላይ ሰሊጥ የሚያመርቱ ወጣቶች ማኅበር አቋቋሙ እንበል። ለኬሻቸው ምልክት ፈለጉ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ሲፈልግ የሚያምር የስንዴ ዛላ አገኘ። ስክሪንሾት አነሳ፣ ለማተሚያ ቤት ላከ፣ ቀብድ ተከፈለ። ኬሻው ታትሞ ሲመጣ ሥዕሉ ደብዝዟል፣ ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ሠርቷል። የባሰው ደግሞ የሰሊጥ ኬሻ ላይ ስንዴ በቅሏል!

ታሪኩ ለምሳሌ ያህል የፈጠርነው ነው። ስህተቶቹ ግን በየቀኑ የሚሠሩ ናቸው፤ ብርም ያስወጣሉ። ማተሚያ ቤቱ ገንዳ ውሃ ወይም ጎንደር ከሆነ ደግሞ የመንገዱም አለ። ስለዚህ ዛሬ በዚሁ ምሳሌ እየሄድን ክሊፕ አርት እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንደሚገባና እንደሚስተካከል እናያለን። ሴቭ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

👉 መጀመሪያ፣ ክሊፕ አርት እና ቬክተር ምንድን ናቸው?

ክሊፕ አርት ማለት ተዘጋጅቶ የተቀመጠ፣ ወስደን ሥራችን ውስጥ የምናስገባው ሥዕል ነው። ስሙ የመጣው ድሮ ከታተመ ወረቀት ላይ ሥዕል በመቀስ ቆርጦ ከመለጠፍ ነው።

ጄፔግ እና ፒኤንጂ ሥዕሉን የሚያስቀምጡት በጥቃቅን ነጥቦች፣ በፒክስል ነው። ስታሳድጉት ነጥቦቹ አብረው ያድጋሉ፤ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ቬክተር ግን ሥዕሉን በመስመርና በመስመሩ መጋጠሚያ ነጥቦች (ኖድ) ነው የሚይዘው። የሎሚ ያህልም አድርጉት የቤት ግድግዳ ያህል፣ ጥራቱ ያው ነው። በብዛት የሚገኘው የቬክተር ፋይል ኤስቪጂ ይባላል፤ ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማንም ሊጠቀምበት የሚችል ክፍት የድር ደረጃ ነው።

መሥሪያው ፕሮግራም በዋናነት ሦስት ነው፦ ኮረል ድሮው፣ አዶቤ ኢለስትሬተር እና ኢንክስኬፕ። ሁለቱ የሚከፈልባቸው ናቸው። ኢንክስኬፕ በ2003 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረ፣ ሙሉ በሙሉ ነፃ የሆነ ነው። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኔትወርክ መጣ ሄደ ለሚለው አካባቢያችን ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እኛም ምሳሌያችንን በእሱ እናሳያለን።

👉 ሥዕሉ ከየት ይምጣ?

ጎግል ላይ የታየ ሁሉ ነፃ አይደለም። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥዕል ለሠራው ሰው ጥበቃ አለው፤ ጥበቃው ሠሪው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል።

አስተማማኝ ከሆኑት ምንጮች አንዱ ኦፕን ክሊፕ አርት ነው። እዚያ ያለው ሥዕል ሠሪዎቹ መብታቸውን ትተው "ሲሲ ዜሮ" በሚባለው ፈቃድ የለቀቁት ስለሆነ ማስተካከልም፣ ለንግድ መጠቀምም ይቻላል። ሌሎች "ነፃ" የሚሉ ገጾች ግን ከሥሩ ቅድመ ሁኔታ ሊጽፉ ይችላሉ፦ ስማችንን ጥቀሱ፣ ለንግድ አትጠቀሙ፣ ሎጎ አታድርጉት። ከማውረዳችሁ በፊት እሱን አንብቡ፤ ያነበባችሁትንም ገጽ ስክሪንሾት አስቀሩ። ስክሪንሾት የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው እንጂ ለሥዕሉ አይደለም።

👉 ከስልክ ወደ ኮምፒውተር

በስልክ ያወረዳችሁት ኤስቪጂ ጋለሪ ውስጥ ካልታየ አትደንግጡ። ፋይል ማኔጀር ገብታችሁ ዳውንሎድ የሚለው ውስጥ ፈልጉት። "አልከፍት አለኝ" ብሎ ስክሪንሾት ማንሳት ቬክተሩን መግደል ነው፤ ወዲያው ወደ ፒክስል ይለወጣል።

በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ ጥራቱን ያጣል። ኢንተርኔት ከሌለ ብሉቱዝ፣ ፍላሽ ወይም የስልኩ ሚሞሪ ካርድ በቂ ነው። ቀላል ክሊፕ አርት በኪሎባይት የሚቆጠር ትንሽ ፋይል ነውና።

👉 ማስገባት

1. ኢንክስኬፕን ክፈቱና አዲስ ገጽ አዘጋጁ።
2. ፋይል ከሚለው ውስጥ ኢምፖርት የሚለውን ምረጡ። በኪቦርድ ኮንትሮልና አይ ነው፤ ኮረል ድሮው ላይም ያው ነው።
3. ኤስቪጂውን ስትመርጡ እንዴት ላስገባው ብሎ ከጠየቃችሁ፣ ሊስተካከል የሚችል (ኤዲተብል) የሚለውን ምረጡ።
4. ያስገባችሁት ፎቶ ከሆነ ኢምቤድ የሚለውን ምረጡ። ሊንክ ካላችሁት ፎቶው ፋይሉ ውስጥ አይገባም፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ባዶ ይሆንባችኋል።
5. ስታሳድጉ ወይም ስታሳንሱ ኮንትሮልን ተጭናችሁ ማዕዘኑን ጎትቱ። ያለዚያ ሥዕሉ ይንጋደዳል።

👉 ማስተካከል፦ ስንዴውን ወደ ሰሊጥ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ክሊፕ አርቱ አንድ ሥዕል ይምሰል እንጂ ብዙ ቁርጥራጭ በአንድ ላይ ታስሮ ነው። ምረጡትና ኮንትሮልና ዩ በመጫን ፍቱት። አንዳንዱ እስር ውስጥ እስር ስላለው ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል።

አሁን ሰሊጡን አስቡት። የስንዴ ፍሬ ጫፍ ላይ በዛላ ይሰበሰባል። የሰሊጥ ፍሬ ግን ግንዱን ተከትሎ፣ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ፣ ወደ ላይ በቆመ ረዘም ባለ ቋት ውስጥ ነው። ሲደርቅ ቋቱ ከጫፉ ይከፈታል። ስለዚህ ከስንዴው ግንዱን ብቻ አስቀሩና ፍሬዎቹን አጥፉ።

አንድ ሞላላ ቅርጽ ሳሉና ከፓዝ ዝርዝር ውስጥ ኦብጀክት ቱ ፓዝ የሚለውን ተጫኑ። ከዚያ ኤን የሚለውን ፊደል ስትጫኑ የቅርጹ ኖዶች ይታያሉ። የላይኛውን ኖድ ወደ ላይ ጎትታችሁ ጫፉን አሹሉት። ኖድ ለመጨመር መስመሩ ላይ ሁለቴ ጠቅ ማድረግ ነው፤ ለመቀነስ መርጦ ዲሊት። ኮረል ድሮው ላይ ይኸው መሣሪያ በኤፍ 10 ይገኛል።

አንዱ ቋት ካማረላችሁ ኮንትሮልና ዲ እየተጫናችሁ አባዙት፣ ግራና ቀኝ እያደረጋችሁ ግንዱ ላይ ደርድሩ። ሲያልቅ ሁሉንም መርጣችሁ ከፓዝ ውስጥ ዩኒየን በሉት፤ አንድ ወጥ ቅርጽ ይሆናል። በቃ፣ ሰሊጥ ሆነ!

ለኬሻ ከሆነ በአንድ ቀለም ጨርሱት። በስክሪን ሲታተም እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ስክሪን ይፈልጋል፤ ቀለም በጨመረ ቁጥር ወጪም ይጨምራል። ቀጫጭን መስመርም አታብዙ፤ ኬሻ የተሸመነ ስለሆነ ይውጠዋል።

👉 ክሊፕ አርት ከሌለስ?

ስልካችሁ አለ አይደል? አንድ የሰሊጥ ቅርንጫፍ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ጥላ በሌለበት ብርሃን ከላይ አንሱት። ፎቶውን አስገቡና ከፓዝ ውስጥ ትሬስ ቢትማፕ የሚለውን ተጠቀሙ። ፕሮግራሙ ጠርዙን ተከትሎ ቬክተር ያወጣላችኋል። ፎቶው ከሥር ስለሚቀር እሱን አጥፉ። ኖዱ ከበዛ ኮንትሮልና ኤል ያቀልለዋል፤ ደጋግማችሁ ከተጫናችሁ ግን ቅርጹን ያበላሻል። ፎቶውን ያነሳችሁት ራሳችሁ ስለሆናችሁ የፈቃድ ጥያቄም የለም።

👉 የአማርኛ ጽሑፍ እንዳይጠፋ

እናንተ ጋ "የሽንፋ ሰሊጥ" ብሎ የነበረው ጽሑፍ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ባዶ ሳጥን ወይም ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት የተለመዱት የግዕዝ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አቀማመጥ ይጠቀሙ ስለነበር፣ በእነሱ የተጻፈ ጽሑፍ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ አይነበብም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዩኒኮድ ጻፉ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እና አቢሲኒካ ነፃ ፎንቶች ናቸው። ሁለተኛ፣ ሥራው ሲያልቅ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይሩት። ኢንክስኬፕ ላይ ቅድም ያየነው ኦብጀክት ቱ ፓዝ ነው፤ ኮረል ድሮው ላይ ኮንትሮልና ኪው። ከዚያ በኋላ ግን ፊደል ማረም አይቻልም። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ኮፒ ይኑራችሁ፦ አንዱ የሚታረም፣ አንዱ የሚላክ።

👉 ከመላካችሁ በፊት

• ፊደሉን ሌላ ሰው ያንብብላችሁ።
• በፒዲኤፍ አስቀምጡና ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ እዩት።
• ቀለሙ ስክሪን ላይና ህትመት ላይ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ ናሙና ጠይቁ።
• መጠኑን በሴንቲ ሜትር ጽፋችሁ ላኩ።

👉 ለምን ይህን ያህል ድካም?

ምልክቱን በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ለማስመዝገብ ስታስቡ ዋናው መለኪያ የእናንተን ዕቃ ከሌላው መለየት መቻሉ ነው። ሺህ ሰው ያወረደው የስንዴ ዛላ የማንም መለያ ሊሆን አይችልም። የራሳችሁን ሰሊጥ ከሣላችሁ ግን የምትከራከሩበት ነገር አላችሁ።

ሽንፋ ደግሞ የሚሣል ነገር አላጣም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት፣ ሽንፋ-መተማ 1 በተባለው ቦታ ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች እንደኖሩ ያሳያል። የድንጋይ ሹል ጫፎች፣ የሰጎን እንቁላል ቅርፊትና የዓሣ አጥንት ተገኝቶበታል። አንድ የድንጋይ ጫፍ ለመሣል ስንት ኖድ ይበቃል? ሞክሩትና የሠራችሁትን ኮሜንት ላይ አሳዩን። እንደ ፎቶ ብትልኩትም ለዛሬ ይቅር ብለናል!