ኖታ ድምፅ ይለብሳል እንጂ አይለወጥም

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በመተግበሪያዎች የአማርኛ ትርጉምና በቴሌግራም በሚዘዋወሩ መመሪያዎች ላይ «የሙዚቃ ማስታወሻ ፋይልን ወደ ኦዲዮ መለወጥ» የሚል ሐረግ እየተደጋገመ ነው። ሐረጉን የተሸከሙት ሁለት ቃላት ናቸው፤ ሁለቱም ስተዋል። ስሕተቱ ሥር ሳይሰድ መታረም አለበት ብዬ ስለማምን ይህን እጽፋለሁ።

ነገሩ ራሱ ለብዙ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የኢሉባቦሯ መቱ፣ በጎሬም ሆነ በበደሌ፣ ኳየር ውስጥ የሚያገለግል ወጣት አዲስ መዝሙር በኮምፒውተር ኖታ መጻፊያ ላይ ያሰፍራል እንበል። ለሶፕራኖው፣ ለአልቶው፣ ለቴነሩና ለቤዙ ለየብቻ ጽፎ ሲጨርስ ዘማሪዎቹ ቤታቸው እየሰሙ እንዲያጠኑ ወደ ስልካቸው መላክ ይፈልጋል። ፋይሉን እንዳለ ቢልከው ብዙው ስልክ ወይ አይከፍተውም፣ ወይ በቀጭን ድምፅ ያሰማዋል። ስለዚህ ማንም ስልክ የሚከፍተው የድምፅ ፋይል ማውጣት ግድ ይሆንበታል። ስም ያጣንለት ሥራ ይህ ነው። ስቱዲዮ የሚውሉት «ባውንስ» ወይም «ኤክስፖርት» ይሉታል፤ ሌላው «ኮንቨርት አድርግልኝ» ይላል፤ ፊደል የቆጠረው ደግሞ ያንን ሐረግ ይጽፋል።

«ማስታወሻ» ከሚለው እንጀምር። የተርጓሚ ማሽን ስሕተት መሆኑ በግልጽ ይታያል። በእንግሊዝኛ የሙዚቃው ምልክትና ደብተር ላይ የሚሰፍረው ማስታወሻ አንድ ስም አላቸው፤ ማሽኑ ሁለተኛውን አንሥቶ ለመጀመሪያው ሰጠ። አማርኛ ግን «ኖታ» የሚለውን ቃል ከተዋሰ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1924 «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከኢየሩሳሌም መጥተው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት በአዲስ አበባ መጫወት ከጀመሩ ወዲህ፣ በክብር ዘበኛም ሆነ በፖሊስ ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ያለፈ ባለሙያ ኖታ አነበበ፣ ኖታ ጻፈ እንጂ ማስታወሻ አነበበ ተብሎ አያውቅም። ማስታወሻ ከ«አስታወሰ» የወጣ ነው፤ ያለፈን ነገር ይይዛል። ኖታ ግን ገና ያልተሰማውንም ያዛል። በዚያ ላይ ከኖታ በፊት የራሳችን ቃል ነበረን። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የቅዱስ ያሬድን ዜማ በፊደልና በጭረት ሲያሰፍሩት ስሙ «ምልክት» ተባለ። ይዘት፣ ደፋት፣ ቅናት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ እያለ ደብተራው ዛሬም ይማረዋል። ሁለት መልካም ቃል ያለው ቋንቋ ሦስተኛ ስሕተት ምን ያደርግለታል?

የዜማ ምልክት ለዛሬው ጉዳያችን ሌላም ጥቅም አለው። ምልክቱ በብራናው ላይ ቢኖርም ድምፅ የለውም፤ ድምፁን የሚሰጠው መሪጌታው ነው። የኮምፒውተሩም ፋይል እንዲሁ ነው። ኖታ መጻፊያው የሚያወጣው የሚዲ ፋይል በውስጡ አንዲት የድምፅ ቅንጣት የለችም። የያዘው ትእዛዝ ብቻ ነው፤ የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ኃይል እንደሚነካና መቼ እንደሚለቀቅ። ሚዲ የተባለው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ ሲሆን ለእያንዳንዱ ድምፅ ከ0 እስከ 127 ቁጥር ተሰጠው፤ የመካከለኛው ዶ ቁጥር 60 ነው። ለዚህ ነው የአምስት ደቂቃ መዝሙር በሚዲ በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎባይት ብቻ የሚሆነው። ያው መዝሙር በሲዲ ጥራት፣ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ ድምፅ ሲሆን 50 ሜጋባይት ያህል ይደርሳል፤ በተለመደው ኤምፒስሪ ሲታመቅ እንኳ 5 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ከጥቂት ኪሎባይት ተነሥቶ እዚህ የደረሰው ነገር ከየት መጣ? ከፋይሉ ውስጥ አልመጣም። የቃሉ ምርጫ የሚወሰነው በዚህ ላይ ነው።

«መለወጥ» የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ሥሩ የግእዙ «ወለጠ» ሲሆን አማርኛ ፊደሉን አቀያይሮ «ለወጠ» አለው። ለወጠ ሲባል አንዱ ይሄዳል፣ በቦታው ሌላው ይመጣል። በአዲስ አበባ ሰፈሮች «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያሉ የሚዞሩት ነጋዴዎች አሮጌውን ልብስ ወስደው የፕላስቲክ ዕቃ ይሰጣሉ፤ ልብሱ ተመልሶ ለባለቤቱ አይቀርም። ኖታው ግን ድምፁ ከወጣ በኋላም እንዳለ አለ። ነገ መልሰን እናርመዋለን፣ ግማሽ ድምፅ ከፍ እናደርገዋለን፣ እንደገና እናወጣዋለን። «መለወጥ» ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። ትልቁን የድምፅ ፋይል ወደ ኤምፒስሪ ስናደርግ ድምፅን በድምፅ እንለውጣለን፤ ቃሉ በትክክል የሚገባው እዚያ ነው። በመቱ የቡና ገበያ እሸቱን፣ ጀንፈሉንና የተፈለፈለውን በአንድ ስም የሚጠራ ነጋዴ የለም፤ በአንድ ስም ቢጠራቸው ይከስራል። ሁለቱን ሥራዎች «መለወጥ» ብለን ስንጠቀልል የሚከስረው ተማሪው ነው፤ ኖታውን በሌላ ድምፅ ደግሞ ማውጣት እንደሚቻል አይታየውም።

«መቅዳት» ከሁሉም ይበልጥ የምወደው ተፎካካሪ ነው። ከግእዙ «ቀድሐ» የመጣ ነው፤ ውሃ ከምንጭ ይቀዳል፣ ጠላ ከጋን ይቀዳል፣ ቡና ከጀበና ይቀዳል። ካሴት ሲመጣ ሕዝቡ ማንንም ሳያማክር «ዘፈን ቀዳ» አለ፤ «ቅጂ» እና «መቅጃ»ም ከዚያው ሥር ናቸው። የሚያስደንቀው ደግሞ የኢሉባቦር ሕዝብ አፍ የፈታበት አፋን ኦሮሞም ያንኑ መንገድ መሄዱ ነው። «ወራቡ» ውሃ መቅዳት ነው፤ ድምፅና ምስል መቅረጽም ዛሬ «ወራቡ» ይባላል። ሁለት ጎረቤት ቋንቋዎች ለአዲስ ነገር ስም ሲፈልጉ አንድ ምንጭ ላይ ተገናኙ። ነገር ግን የሚቀዳ ነገር አስቀድሞ በጋኑ ውስጥ መኖር አለበት። የሚዲ ፋይል ውስጥ ድምፅ የለም ብለናል፤ ከባዶ ጋን አይቀዳም። «መቅረጽ»ም የራሱ ሥራ አለው፤ ዘማሪው በማይክሮፎን ፊት ቆሞ ሲዘምር ድምፁ ይቀረጻል። ዘማሪም ማይክሮፎንም በሌለበት ሥራ ላይ «ቀረጻ» ብንል ሰሚው ሰው የዘመረ ይመስለዋል፤ ይህ በመዝሙር ሽፋን ላይ ሲጻፍ ማሳሳት ይሆናል።

«መልሶ ማጫወት» የሚለውንም ሳላነሣው አላልፍም፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ኖታው ሲሰማ ላለው ሥራ የተሰጠ ስም ነው። ምኑን ነው የሚመልሰው? አቀናባሪው ዛሬ ጠዋት የጻፈው ኖታ ከዚህ በፊት ተሰምቶ አያውቅም። «ማሰማት» በቂ ነው፤ አጭርና ግልጽ ነው። በአፍ ደግሞ «ክፈተው» እንላለን፤ ሬዲዮም ካሴትም ስልክም ስንከፍት ኖረናል።

ወደ ራሴ ምርጫ ልምጣ። «ድምፅ ማልበስ» እንበለው። ለበሰ፣ አለበሰ፣ ልብስ፣ አልባሽ፤ ከግእዝ እስከ አማርኛ ሳይደበዝዝ የዘለቀ ሥር ነው። ጥንካሬው ደግሞ ትርጉሙ ላይ ነው። የሚለብሰው አካል አስቀድሞ አለ፤ ልብሱ ግን ከውጭ ይመጣል። ኖታውም አለ፣ ድምፁም ከውጭ ይመጣል። ለባሹ አይጠፋም፤ ልብሱን ቢያወልቅ ያው እርሱ ነው፤ ሌላ ቢለብስ በሌላ መልክ ይታያል። ያ የኳየር መዝሙር ዛሬ ፒያኖ ይለብሳል፣ ነገ ኦርጋን ይለብሳል። አንድ ፋይል መቱ ባለው ኮምፒውተር በአንድ ዓይነት፣ በደሌ ባለው በሌላ ዓይነት የሚሰማውም ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ማሽኖች ያላቸው ልብስ ይለያያል። «መለወጥ» ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል፤ «ማልበስ» ግን ቃሉ ራሱ ያስረዳዋል። የማይጨበጥ ነገር በስሜት ሕዋስ ሲታወቅ ቋንቋችን «ለበሰ» ማለት አዲስ አይሆንበትም፤ «ቃል ሥጋ ለበሰ» የሚለውን የማያውቅ ዘማሪ በኢሉባቦርም በሌላም የለም። በአፋን ኦሮሞም «ሰገሌ ኡፊሱ» ብንል ያው ሐሳብ ሳይጎረብጥ ያልፋል፤ በቤቱ አንዱን፣ በጉባኤው ሌላውን ቋንቋ ለሚናገር ወጣት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቃሉ ልጅም ይወልዳል። ኮምፒውተሩ የሚመርጥባቸው የመሣሪያ ድምፆች ስብስብ እስካሁን የአማርኛ ስም አላገኘም፤ «የድምፅ አልባሳት» ሊባል ይችላል። ሥራውን የሚሠራው የፕሮግራሙ ክፍል «አልባሽ» ነው። የወጣው ፋይል «ድምፅ የለበሰ ኖታ» ነው። በዚህ ቋንቋ ስናየው አንድ የቆየ ጉድለትም ፊት ለፊት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1991 ለሚዲ የጋራ ዝርዝር ሲወጣ 128 ድምፆች ተቆጠሩ። የሕንዱ ሲታር፣ የጃፓኑ ኮቶና ሻሚሴን፣ የአፍሪካው ካሊምባ፣ የስኮትላንዱ የአቁማዳ ዋሽንት ሳይቀሩ ገቡ። ክራር የለም፣ መሲንቆ የለም፣ በገና የለም፣ የራሳችን ዋሽንት የለም። 10ኛው መስመር ለመምቻ መሣሪያዎች ቢለቀቅም ከበሮአችን እዚያም የለም። ቅኝቱም ችግር አለበት፤ ትዝታ በኪቦርዱ ቁልፎች ላይ ቢገኝም አንቺ ሆዬን መሲንቆ ተጫዋቹ እንደሚጎትታት ለማሰማት አሥራ ሁለቱ እኩል እርከኖች አይበቁም፤ ድምፁን በመጠኑ ማጠፍ ይጠይቃል። ስለዚህ የእኛ ኖታ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሰው ልብስ ለብሶ ነው የሚወጣው። የራሳችንን ድምፆች በጥራት ቀርጾ በአልባሳት መልክ ማዘጋጀት የሙዚቃ ትምህርት ቤቶቻችን ሊይዙት የሚገባ ሥራ ነው።

«ድምፅ ማልበስ» ለፊልም ትርጉም ይመስላል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። አይጋጭም፤ በፊልም የተዋናዩ ድምፅ ተነሥቶ በሌላ ሰው ድምፅ ስለሚተካ «መተካት» ይስማማዋል፤ ኖታ ግን የሚተካ ድምፅ የለውም። ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ «ባውንስ» እና «ኮንቨርት» እየሠሩ ሳለ አዲስ ቃል ለምን? እኔ የተውሶ ቃል ጠላት አይደለሁም። ኖታን፣ ኪቦርድን፣ ፋይልን እየተጠቀምኩ ነው የጻፍኩት። የተውሶ ቃል ግን የሚጠቅመው ሰሚው ነገሩን ሲያውቀው ነው። «ባውንስ» ለመቱ ጀማሪ ምንም አይነግረውም፤ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ መንጠር ነው፤ ያንን ቢያውቅም አይረዳውም። አማርኛ ይህን መሥራት እንደሚችል ሸክላ ምስክር ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ድምፁን አስቀርጾ ሲመለስ የመጣው ክብ ነገር የባዕድ ስሙን ይዞ አልቀረም። ሕዝቡ አየው፣ ነካው፣ ሲወድቅ እንደሚሰበር አወቀ፣ «ሸክላ» አለው። መቶ ዓመት አለፈው፤ ዛሬም የድሮ ዘፈን ሲነሣ በሸክላ የታተመ እንላለን። ያ ቃል ከአካዳሚ አልወጣም፤ ከሚያዳምጥ ሰው አፍ ወጣ።

ጉዳዩ አሁን ይበልጥ አስቸኳይ ሆኗል። ለ35 ዓመታት የቆየው ፊናሌ የተባለው ኖታ መጻፊያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 መቋረጡ ሲታወጅ በዓለም ዙሪያ ያሉ አቀናባሪዎች የድሮ ሥራቸውን ወደ ሌላ ፕሮግራም ማሻገርና ድምፁን ማውጣት ያዙ። በነፃ የሚገኘው ሙዝስኮር የተባለው መጻፊያ ከኖታው በቀጥታ የድምፅ ፋይል ያወጣል፤ ገንዘብ የማይጠይቅ ስለሆነ በየከተማው ያለ ተማሪ ሊጀምርበት ይችላል። መመሪያዎቹ በአማርኛ የሚጻፉት አሁን ነው፤ ዛሬ የገባው ቃል ነገ ከትምህርት መጽሐፍ ይገኛል።

ስለዚህ መተግበሪያ ለምትተረጉሙ፣ «ማስታወሻ» የሚለውን አውጥታችሁ «ኖታ» አስገቡ፤ «መልሶ ማጫወት» በሚለው ቦታ «ማሰማት» ጻፉ። ለኳየር መሪዎች ደግሞ፣ በመቱም በጎሬም በበደሌም ያላችሁ፣ ለዘማሪዎቻችሁ ፋይል ስትልኩ ከመዝሙሩ ስም ቀጥሎ ኖታው የለበሰውን ድምፅ ጻፉበት፦ «ፒያኖ የለበሰ»፣ «ኦርጋን የለበሰ»። ከ«ማልበስ» የተሻለ ቃል ያለው ያምጣ፤ እስከዚያው በዚህ እንሥራ።