በነደባ የተከፈለ ቤት በኮምፖልሳቶ ሲከፈል

ባለፈው ዓመት ሐረር ጁገል ውስጥ አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ገብቼ ነበር። በአንድ በር ገብቼ ሁለት ቤተሰብ ሰላም አልኩ። ትልቁ ክፍል መሐሉ ላይ በኮምፖልሳቶ ተከፍሏል። ለአንደኛው ቤተሰብ የአባወራው መቀመጫ የነበረው ከፍታ ደርሶታል፤ ለሌላው የበሩ ጀርባ። ሁለቱም ጠቧቸዋል።

ወዳጆች፣ ይህ ክፍፍል ምን እንዳጠፋ ለማየት የቤቱን አሠራር ማወቅ ይጠይቃል።

ሐረሪዎች ቤታቸውን «ጌ ጋር» ይሉታል፤ የከተማ ቤት እንደማለት ነው። ከአካባቢው ድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ወፍራም ግንብ ነው። ለመንገዱ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ግቢው ይከፈታል። ግቢውን ዘመዳሞች ሲጋሩት ኖረዋል። እንግዲህ መጋራት ለጁገል አዲስ ነገር አይደለም። የሚጋሩት ግን ግቢውን እንጂ ትልቁን ክፍል አልነበረም።

በዚህ ክፍል ውስጥ ሰው ከሰው የሚለየው በግድግዳ ሳይሆን በከፍታ ነው። «ነደባ» የሚባሉ አምስት መደቦች አሉት። አሚር ነደባ ለአባወራውና ለክቡር እንግዳ ነው። ጊዲር ነደባ ሰፊው የእንግዶች መቀመጫ ነው። ሱትሪ ነደባ ስሙ እንደሚለው የተሰወረ ነው። ከበሩ ጀርባም ዝቅ ላለው ሰው ቦታ አለ። ማን የት እንደተቀመጠ ያየ ሰው የቤቱን ሥርዓት ሳይነገረው ያነባል። ወለሉና መደቡ የሚቀቡት ቀይ አፈር በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል የሚሉም አሉ።

ከዚያ ጦርነት በኋላ የመጡ የሕንድ ነጋዴዎች የእንጨት በረንዳ ያለው ባለ ፎቅ ቤት አስለመዱ። ጌ ጋር ግን ጎን ለጎን ኖረ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ወርሃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ለቀበሌ ተሰጠ። እውነቱን እንነጋገር፤ አዋጁ ለብዙ ድሃ ጣሪያ ሆኗል። ግን ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ቤት በየጊዜው ልስን ይፈልጋል፣ ጣሪያው ክትትል ይፈልጋል። ተከራዩ የእኔ አይደለም ብሎ አይነካውም። ቀበሌው የሚሰበስበው ኪራይ ልስኑን እንኳ አይሸፍንም። የቀድሞው ባለቤት መብት የለውም። ስለዚህ ቤቱ ስንት ሰው ይዞ ባለቤት አጣ።

በ1998 ዓ.ም. ጁገል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ለጎብኚ የሚታዩት የታደሱት ቤቶች ናቸው። የተከፋፈሉት ከኋላ ይቀራሉ።

«ነዋሪውን አስወጥቶ ማደስ» የሚለው ሐሳብ አይዋጥልኝም። ሰው የለቀቀው የጭቃና የድንጋይ ቤት ብዙ ክረምት አይሻገርም። ይልቅ ነዋሪው የማይነጠቅ የኪራይ ውል ይሰጠው፤ ለጥገናውም ድጋፍ ይደረግለት። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ቤተሰብ ካለ፣ ለአንደኛው እዚያው ጁገል ውስጥ ምትክ ይፈለግለት።

የምፈራው ኮምፖልሳቶውን አይደለም፤ እሱ በአንድ ቀን ይነሣል። የምፈራው አልጋ ለመዘርጋት ሲባል የሚፈርሰውን ነደባ ነው። እሱን መልሶ የሚሠራው እጅ በየዓመቱ እየሳሳ ነው።

ቸር እንሰንብት።