ጄነሬተር፣ መስመርና ቼንጅ ኦቨር፦ ከምኒልክ ግቢ እስከ ሀይሌ ጋርመንት

አዲስ አበባ ጄነሬተርን ያወቀችው ከመስመር መብራት ቀድማ ነው። በ1890 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ግቢ በጄነሬተር ሲበራ ኮረንቲው ከአጥሩ አልወጣም ነበር። በ1904 ዓ.ም. በአቃቂ ወንዝ ላይ የውሃ ኃይል ማመንጫ ተተከለ። የታሰበው በከተማዋ ለተከፈቱ ትንንሽ ፋብሪካዎች ጉልበት እንዲሆን ነው፤ መብራቱ በግቢው ዙሪያ ወዳሉ ዋና መንገዶች የተሻገረው ከዚያ በኋላ ነው። ጣሊያኖች በወረራቸው ዓመታት በዚያው ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤልን ማመንጫ ሠሩ፤ አቅሙ ከ6 ሜጋ ዋት ብዙም አይዘልም። እንግዲህ የከተማዋ የመጀመሪያ የመስመር ኮረንቲ የመጣው ዛሬ ሀይሌ ጋርመንት፣ ቃሊቲና አቃቂ ካሉበት ከደቡቡ ወገን ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ያው ወገን መብራት በሄደ ቁጥር ጄነሬተር የሚጮህበት ሆኗል።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ማመንጫዎቹ በጠላት ንብረት አስተዳደር እጅ ቆይተው በ1940 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ኤሌክትሪክ ኃይል ተዛወሩ፤ በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሕዝቡ አሳጥሮ «መብራት ኃይል» አለው። መሥሪያ ቤቱ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሲሆንም፣ በ2006 ዓ.ም. አመንጪውና አገልግሎት ሰጪው ሲለያዩም ይህ አጠራር አልተነቃነቀም። በ1952 ዓ.ም. ከጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው ቆቃ 43 ሜጋ ዋት ሲጨምር የአዲስ አበባ መስመር ፋብሪካ የሚሸከም ሆነ፤ ከሳሪስ እስከ አቃቂ ባለው መንገድ ዳር የተተከለው ማሽን የተማመነውም በዚህ ነው። በዚያ ዘመን ጄነሬተር የሆስፒታል፣ የትልቅ ሆቴልና የፋብሪካ ንብረት ነበር። የራሱ ክፍል አለው፤ ዘይቱን የሚያይለት መካኒክም አለው። ተራው ሰው የቆመ የናፍታ ሞተር የሚያውቀው መስመር ባልደረሰበት አገር፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው።

ጄነሬተርን ከፋብሪካ ወደ ሱቅ ያወረደው የመብራት ፈረቃ ነው። የአገሪቱ ኮረንቲ ከሞላ ጎደል ከውሃ ስለሚገኝ ዝናብ ባጠረ ዓመት ግድቡ ይጎድላል። ከ1995 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ መብራት ኃይል ራሱ የናፍታ ጣቢያዎችን ለመጠባበቂያ ተከለ፤ አንዱ እዚያው ቃሊቲ የተተከለው ባለ 14 ሜጋ ዋቱ ነው፤ ሌሎቹ በአዋሽ ሰባት ኪሎና በድሬዳዋ ተተከሉ። ይህም አልበቃም። በ2001 ዓ.ም. ፈረቃው አንድ ቀን ሰጥቶ አንድ ቀን እስከ መንሳት ደረሰ። ፀጉር አስተካካዩ፣ ሥጋ ቤቱ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ከመርካቶ አነስተኛ የቤንዚን ጄነሬተር እየገዛ ደጁ ላይ ያቆመው በእነዚህ ዓመታት ነው።

በ2002 ዓ.ም. ተከዜ፣ ግልገል ግቤ ሁለትና ጣና በለስ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ1,100 ሜጋ ዋት በላይ ጨመሩ፤ ጄነሬተሮቹ ግን ወደ መጋዘን አልተመለሱም። ችግሩ ከግድቡ ወደ ሠፈሩ ወርዶ ነበርና። ትራንስፎርመሩ ይሞላል፣ ያረጀው ሽቦ ይበጠሳል፣ ምሰሶው ያዘነብላል። ፈረቃ ሰዓቱ ስለሚታወቅ ሰው ሥራውን አስቀድሞ ያመቻቻል፤ መቆራረጥ ግን ሳይናገር ይመጣል፤ ዕቃ የሚያቃጥለውም በአብዛኛው እሱ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ግቤ ሦስት ውሃ ጎድሎ ፈረቃ ሲመለስ ሁለቱ ችግሮች ተደራረቡ።

ሀይሌ ጋርመንት ለዚህ ታሪክ ጥሩ ማሳያ ነው። ከጀሞና ከለቡ ጋር የተያያዘው ይህ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍል በፍጥነት የሞላ ሠፈር ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከጃን ሜዳ የተነሣውን የአትክልት ገበያ ተቀበለ። በእንዲህ ያለ ሠፈር መስመሩን የሚያስጨንቀው አምፖል አይደለም። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይጎትታል፤ ለበዓል ዋዜማ የጎረቤቱ ምጣድ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲሰካ የ220 ቮልቱ መስመር ወደ 180 ሊወርድ ይችላል። ይሄኔ ፍሪጅ ያቃስታል፣ የውሃ ፓምፕ ሞተር ይግላል፤ ባለቤቱም መብራት ሳይጠፋ ጄነሬተር ያስነሣል። ምጣዱን ወደዚያ ካዞረው ግን ጄነሬተሩም ይንበረከካል።

ለመንበርከኩ ዋናው ምክንያት ከፍታው ነው። አዲስ አበባ በደቡቡ ወገን እንኳ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ካርቶኑ ላይ 5 ኪሎ ዋት የተባለው እዚህ 4 ቢሰጥ ነው፤ አንድ ምጣድ ከተሰካ የቀረው ለአምፖል ብቻ ይሆናል። ለባሕር ዳርቻ ከፍታ የተስተካከለ ካርቡሬተር በዚህ አየር ቤንዚን ስለሚያበዛ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ለወራት የቆመ ጄነሬተር ሌላ በሽታ አለው። ቤንዚኑ ሙጫ ይሆንና የካርቡሬተሩን ቀዳዳ ይደፍናል። ይህን ችግር የመኪና መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል።

የሚያደናግረው ሞተሩ በደንብ እየዞረ ኮረንቲ የማይወጣበት ጊዜ ነው። ለ50 ኸርዝ የተሠራ ትንሽ ጄነሬተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ፣ ትልቁ የናፍታ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ 1,500 ጊዜ ይዞራል፤ ዙሩ ትክክል ሆኖ ቴስተሩ 3 ወይም 5 ቮልት ብቻ ካሳየ ብረቱ ውስጥ የሚቀረው ማግኔት ደክሟል፣ አለዚያም የቮልት መቆጣጠሪያው ወይም ካርቦኑ ተበላሽቷል ማለት ነው። የደከመው ማግኔት ከሆነ ልምድ ያለው ጠጋኝ የ12 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት አስነክቶ ያነቃዋል። ከአሜሪካ የመጣ ጄነሬተር ደግሞ ጤነኛም ሆኖ ያስቸግራል፤ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ስለሚሰጥ እዚህ ካለው ዕቃ ጋር አይስማማም።

ከሁሉ ይልቅ ብልሽት የሚበዛው የመስመሩና የጄነሬተሩ ኮረንቲ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ፋብሪካዎች መስመርንና ጄነሬተርን የሚያፈራርቁበት ቼንጅ ኦቨር የሚባል ማብሪያ ከጥንት ጀምሮ ነበራቸው፤ እጀታው ባንድ ወገን መስመርን፣ በሌላው ጄነሬተርን ይይዛል፣ መሃሉ ባዶ ነው። ሁለቱ ባንድነት ሊያያዙ አይችሉም። በፈረቃው ዓመታት ጄነሬተር የገዛው ባለሱቅ ብዙ ጊዜ ይህን አልገዛም፤ በሁለቱም ጫፍ ወንድ ስፒና ያለው ገመድ አሠርቶ ጄነሬተሩን በግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካ። የቆጣሪውን ብሬከር ማጥፋት ከረሳ ኮረንቲው ወደ ኋላ ወጥቶ ትራንስፎርመሩ ጋ ይደርሳል፤ ትራንስፎርመሩም 220ውን ወደ 15,000 ቮልት ከፍ አድርጎ ምሰሶ ላይ ወዳለው ሠራተኛ ይልከዋል። መብራቱ በዚያ ሰዓት ቢመጣ ደግሞ ጄነሬተሩ ይቃጠላል። ከዚህ ገመድ ይልቅ እንዲወገድ የሚገባው ዕቃ በዚህ ሥራ የለም።

ቼንጅ ኦቨር ባለበትም ችግር አይጠፋም። የመገናኛው ምላስ በተደጋጋሚ ብልጭታ ይጠቁራል፤ ጄነሬተሩ ጋ 220 የተለካው ከማብሪያው ወዲያ 150 ሆኖ ከተገኘ ጥፋቱ እዚያ ነው። ስለዚህ ፍለጋው ከምንጩ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ቤት ይገባል፦ መጀመሪያ የጄነሬተሩ ብሬከር፣ ከዚያ ገመዱ፣ ከዚያ የማብሪያው ሁለቱ ወገን፣ በመጨረሻ የቤቱ ፓነል። በሦስት ፌዝ ቤት ኒውትራሉ ከላላ ግን አንዱ ክፍል ሲደበዝዝ ሌላው ከልክ በላይ ይደምቃል፤ ቮልቱ ወደ 380 ሊጠጋ ስለሚችል ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በደቂቃ ይነዳሉ። ራሱ የሚቀያይረው ዘመናዊ ዓይነት ጄነሬተሩ እስኪረጋ ሰከንዶች፣ መስመሩ ሲመለስ ደግሞ ደቂቃዎች ይጠብቃል፤ ባለቤቱ ይህን ሳያውቅ ተበላሸ ብሎ የሚያስፈታው ብዙ ነው።

በመኪና ላይ የተጫነው ጄነሬተርም ከዚህ አይለይም። ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ፣ የቀጥታ ሥርጭት መኪና፣ በአፍሪካ የሚዞሩ ቱሪስቶች የሚነዱት መኝታና ማብሰያ ያለው ተሽከርካሪ ሁሉም ሁለት በር አላቸው፦ አንዱ ሆዳቸው ውስጥ ያለው ጄነሬተር፣ ሌላው ከቆሙበት ግቢ በገመድ የሚስቡት መስመር። አሮጌ ከሆኑ በመሃል ያለው ማብሪያ በንዝረትና በአቧራ ቀድሞ ይሞታል፤ ውጪ ያለው ሶኬት ይዝጋል። ረዥምና ቀጭን ገመድ ደግሞ ቮልት ይበላል፤ ተጠቅልሎ ከተተወም ግሎ ይቀልጣል።

ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ጄነሬተር ማስነሣት ውድ ሆነ፤ ባትሪና ኢንቨርተር ቦታውን እየወሰዱ መጡ። በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና በየግቢው ከግድግዳ ሶኬት መሞላት ጀመረ። መብራት ሲጠፋ ባለቤቱ ቻርጀሩን ወደ ጄነሬተሩ ያዞረዋል፤ ቻርጀሩ ቀይ አብርቶ እምቢ ይላል። ብዙው ተንቀሳቃሽ ጄነሬተር ኒውትራሉ ከግራውንድ ጋር ስላልታሰረ ቻርጀሩ የመሬት ሽቦ የለም ብሎ ይቆጥራል። ጄነሬተሩ ብቻውን ሲሠራ ሁለቱን ማሰር ችግሩን ይፈታል፤ በቼንጅ ኦቨር ወደ ቤት ሲገባና የቤቱ ፓነል ቀድሞ የታሰረ ሲሆን ግን ይኸው ሁለተኛ ማሰሪያ ኮረንቲን በመሬት ሽቦው እንዲመለስ አድርጎ መከላከያ ብሬከሩን ያለ ምክንያት ያስዘልላል።