የዳሞት ዝንጅብል

በሳኒቬል፣ በኤል ካሚኖ ሪያል ጎዳና ዳር ካሉት የሕንድ መደብሮች ዝንጅብል በገዛሁ ቁጥር የመጣበትን አገር ማንበብ ልማዴ ሆኗል። አንድ ሳምንት ቻይና ይላል፣ ሌላ ጊዜ ፔሩ ወይም ብራዚል። ኢትዮጵያ የሚል አጋጥሞኝ አያውቅም። ጉንፋን ሲይዘኝ የማፈላው ሻይ ግን ከእናቴ የተማርሁት ነው፤ ኮረሪማውም ማሩም በሻንጣ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። ባዕዱ ዝንጅብሉ ብቻ ነው። ነገሩን ስመረምረው፣ ዝንጅብል በአገር ቤትም ቢሆን በእንግድነት የገባ፣ ከዚያም ለዘመናት ቤተኛ ሆኖ የኖረ፣ በመጨረሻም በአንድ ክረምት ሊጠፋ የተቃረበ ተክል ሆኖ አገኘሁት። (ዘመኖቹን ሁሉ የጻፍሁት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ስሙ ራሱ የንግድ መዝገብ ነው። «ዝንጅብል» ከዐረብኛው «ዘንጀቢል» የመጣ ሲሆን፣ የዐረብኛው ሥር በፋርስኛ በኩል ወደ ሕንድ ቋንቋዎች ይመለሳል። ሮማዊው ፕሊኒ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲጽፍ፣ አንድ ፓውንድ ዝንጅብል 6 ዲናር ያወጣ ነበር፤ ጥቁር ቁንዶ በርበሬ 4 ብቻ። የሚበቅለውም በዐረቢያና በቀይ ባሕር አፍሪካዊ ዳርቻ እንደሆነ ነግሮናል። እኔ እንደማየው ይህ ገዢዎች ሁሉ የሚሠሩት ስሕተት ነው፤ ሸቀጡ የተጫነበትን ወደብ የበቀለበት አገር አድርጎ መቁጠር። የተክሉ ምንጭ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው።

ዝንጅብልን ከብዙ ቅመሞች የሚለየው አንድ ባሕርይ አለ። ፍሬ ሰጥቶ ከዘር አይራባም። የሚተከለው ሥሩ ተቆርጦ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ተክል የቀደመው ቅጂ ነው። በመርከብ የመጣው የደረቀ ዝንጅብል ቢቀብሩት አይበቅልም። በኢትዮጵያ ምድር እንዲበቅል፣ አንድ ሰው ሕያውና እርጥብ ሥር ተሸክሞ ባሕሩን መሻገር ነበረበት። ማን እንደሆነ ታሪክ አልመዘገበውም። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ግን፣ ከዳሞት እርጥብ ዝንጅብል ይመጣ እንደነበር ጽፏል። ያኔ ዳሞት የሚባለው አገር ከዓባይ በስተደቡብ የነበረው ነው፤ የዛሬው ጎጃም ውስጥ ያለው አይደለም። እርጥብ ዝንጅብል ከሩቅ ባሕር ማዶ ስለማይመጣ፣ ይህች አጭር ማስታወሻ ተክሉ በዚያን ጊዜ በደቡቡ ደጋ ሥር መስደዱን ትነግረናለች።

ሻዩ ከዝንጅብሉ በጣም ያነሰ ዕድሜ አለው። የሻይ ተክል በጎሬ የተተከለው በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው፤ የአያት መድኃኒት የምንለው የዝንጅብል ሻይም የቅርብ ጊዜ ልማድ ይመስለኛል። ዝንጅብል ግን በበርበሬው፣ በንጥር ቅቤው፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከማር ጋር ተወቅጦ በሚበላው ውስጥ አለ።

ይሠራል ወይ ለሚለኝ፦ ለማቅለሽለሽ መጠነኛ የሆነ ጥሩ ማስረጃ አለው። ለጉንፋን ያለው ማስረጃ ደካማ ነው፤ ሆኖም በካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ በ2008 የወጣ ጥናት፣ ትኩስ መጠጥ ለጉሮሮ መከርከርና ለሳል የእፎይታ ስሜት እንደሚሰጥ አሳይቷል። እኔ የአውራ ጣት የሚያህል ሥር በማንኪያ ጠርዝ ልጬ እወቅጠዋለሁ፤ በሁለት ብርጭቆ ውኃ ከድኜ ዐሥር ደቂቃ ያህል አፈላዋለሁ፤ ማሩንና ሎሚውን የምጨምረው ካወረድሁት በኋላ ነው። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ከማዘውተሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ወደ ደቡቡ ልመለስ። ወላይታና ከምባታ ጠምባሮ ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ዋና የዝንጅብል ምንጭ ነበሩ፤ ለገበሬው ከእንሰትና ከበቆሎ ጎን ጥሬ ገንዘብ የሚያስገባለት እርሱ ነበር። በ2012 የባክቴሪያ አጠውላጊ በሽታ ወረርሽኝ ገባ። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ግንዱ ይጠወልጋል፣ ሥሩ ከውስጥ ይበሰብሳል። በብዙ ማሳዎች ከምርቱ የተረፈ ነገር አልነበረም። ባክቴሪያው በአፈርና በጎርፍ ይተላለፋል፤ ከሁሉ የከፋው ግን ጤነኛ በሚመስል የተከላ ሥር ውስጥ ተደብቆ ከገበያ ገበያ መጓዙ ነው።

ከዚህ ብዙም በማይርቀው በርክሌይ ያስተማረው ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ያሳተመው ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የሚያትት ጽሑፍ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ገዢው ሳያውቅ ሲቀር ጥሩው ዕቃ ከገበያ እንደሚሸሽ ያስረዳል። የዝንጅብሉ ገበያ ከዚያ ይብሳል፤ እዚህ ሻጩም አያውቅም። ንጹሕ ሥር በውድ የገዛ ገበሬም ቢሆን የጎረቤቱ ጎርፍ ማሳውን ይበክልበታል። ሃዋይም በዚሁ በሽታ ተመትታ ነበር። የዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪዎች የተከላ ሥሩን ከመሬት አንሥተው በግሪንሃውስ፣ በዕቃ ውስጥ ማባዛትን አስተማሩ። በእኛም አገር የዝንጅብል ዝርያዎችን በቤተ ሙከራ ከሕብረ ሕዋስ የማባዛት ምርምር ተደርጓል። እንቅፋቱ ከቤተ ሙከራው በኋላ ያለው ነው። ከብልቃጥ የወጣች ችግኝ ለተከላ የሚበቃ ሥር እስክታፈራ ጊዜና ጥበቃ ትፈልጋለች፤ አንዴ የሸጧት ደግሞ ገዢው ራሱ ያባዛታል። ለዚህ ነው የግል ባለሀብት የማይቸኩልበት፣ መንግሥትም በፕሮጀክት ዕድሜ ሊለካው የማይገባው።

በማርች 13፣ 2020 ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኮቪድ ሕመምተኛ አስታወቀች፤ ከሦስት ቀን በኋላ የእኛ ሳንታ ክላራን ጨምሮ የቤይ ኤሪያ ካውንቲዎች ከቤት አትውጡ አሉን። በአዲስ አበባ የነጭ ሽንኩርት፣ የሎሚና የዝንጅብል ዋጋ ናረ። በጊዜው ሁሉም ስግብግብ ነጋዴን ወቀሰ፤ ከስምንት ዓመት በፊት ስለተመታው ማሳ ያነሣ ሰው ግን አልሰማሁም።

በቅርቡ አንዲት ወዳጄ፣ ከዚሁ የገዛችው የፔሩ ዝንጅብል መስኮቷ ሥር ማቆጥቆጡን አሳየችኝና፣ በገና ስትሄድ ወላይታ ላሉት አጎቷ ልትወስድላቸው እንዳሰበች ነገረችኝ። ሥሩ ወፍራምና የሚያምር ነበር፤ ምናልባት የመጀመሪያው ተሸካሚም እንዲሁ በፍቅር ይሆናል ያመጣው። አይሆንም አልኋት። ጤነኛ መሆኑን እኔም እርሷም፣ የሸጠላት ሰውዬም አናውቅም። እዚያው ወቅጠን አፍልተን ጠጣነው።