ከሰሉ ከተማ ገባ፤ አፈሩስ?

የአዲስ አበባን ታሪክ በቤተ መንግሥት በኩል መጻፍ ለምደናል። እስቲ ዛሬ በማገዶ በኩል እንየው።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፤ ብዙም ሳትቆይ የዙሪያዋን ደን አንድዳ ጨረሰችው። በ1890ዎቹ ዳግማዊ ምኒልክ መዲናቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ዋናው ምክንያት የእንጨት እጦት ነው። ከተማዋን ያተረፋት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የዛፍ እጥረቱ ቢቃለልም አንድ ነገር አልተለወጠም፤ እንጨትና ከሰል ወደ ከተማ ይገባል፣ ወደ አፈሩ የሚመለስ ግን የለም።

ፋግታ ለኮማ ላይ ግን ነገሩ ለየት ይላል። በአዊ ዞን የሚገኘው የዚህ ወረዳ ገበሬም ዛፉ የአውስትራሊያ ነው፤ ዲከረንስ ይባላል። ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ በቀጣዩ ዓመት በዛፎቹ መካከል ሣር ያጭዳል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ያከስላል። ከዚያ መሬቱን አርሶ እንደገና ጤፍ ይዘራል። ጆንያው አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል፤ ድቃቂውና አመዱ ግን ማሳው ላይ ይቀራል። የአካባቢው አፈር አሲዳማ ስለሆነ አመዱ አሲዱን ያበርዳል፣ የከሰሉ ቀዳዳዎች ደግሞ ውሃና ንጥረ ነገር ይይዛሉ። ዛሬ ባዮቻር የሚባለው ይኸው ነው። የአማዞን ሕዝቦችም ከሺህ ዓመት በፊት ከሰልን ከቤት ጥራጊና ከአጥንት ጋር ቀላቅለው የሠሩት ጥቁር አፈር እስከ ዛሬ ለም ነው።

ታሪኩ ግን ሙሉ በሙሉ የስኬት አይደለም። ገበሬው በአንድ ዛፍ ላይ ተማምኖ ነበርና በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶ ብዙ ዲከረንስ አድርቋል።

ታዲያ ይህ ንፋስ ስልክ ላፍቶን ምን አገባው? ብዙ አገባው! ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሳይሆን በፊት እርሻ ነበር። መካኒሳ አካባቢ፣ በትንሹ አቃቂ ዳር፣ አትክልት አምራቾች ከተማዋን ለዓመታት መግበዋል። ለጓሮ አትክልት የሚሆነው ባዮቻር ደግሞ ከከሰል ቤቱ ጆንያ ሥር ይጠረጋል። ድቃቂውን እንዲሁ መበተን አይበጅም፣ አዲስ ከሰል የአፈሩን ናይትሮጅን ወደ ራሱ ይስባልና፤ አስቀድሞ ከፍግ ወይም ከኮምፖስት ጋር ለሳምንታት ይክረም። ለዚህ ሲባል አንድም ዛፍ መቆረጥ የለበትም።

አዲስ አበባ ከመቶ ዓመት በላይ የሌላውን አፈር እያነደደች ሞቃለች። ቢያንስ ጥራጊውን ለአፈር መመለስ ዕዳውን ባይከፍልም፣ ወለዱን ይቀንሳል።